ሽምግልና በመኪና፦ ከቶሮንቶ እስከ ሜሪላንድ

አሜሪካን ላላያችሁና ለማየትም ሐሳብ ለሌላችሁ ነው ይህን የምጽፈው። ያዩትማ ሁሉም የየከተማቸው ጠበቃ ስለሆኑ አያምኑኝም። ደግሞ ለሽርሽር ሄደች እንዳትሉኝ። የሄድኩት ለልጄ ሚስት ልለምን ነው።

ልጄ የምለው ናትናኤል የእህቴ ልጅ ነው። አባቱ ቀድሞ፣ እህቴ ተከትላ ሲያርፉ፣ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ባለችው አፓርታማዬ እኔ አሳደግኩት። አሁን ኤሌክትሪሻን ሆኖ ሰው የሚያከብረው ጎረምሳ ነው። ሜሪላንድ የምትኖር ሜሮን የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነበር። ጓደኞቼ "አንቺ ደግሞ፣ ኮል አድርገሽ ጨርሺው" አሉኝ። በስልክ ፒዛ ይታዘዛል እንጂ ሚስት አትለመንም አልኳቸው።

ሽማግሌ ቢያንስ ሦስት መሆን አለበት። አንደኛው ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው ከሁላችንም በፊት ቶሮንቶ የገቡ፣ ፓርክዴል ሰፈር የሚኖሩ፣ አስታርቀው የማይሰለቹ ሰው። ሁለተኛው የናትናኤል አባት ወንድም ወርቁ ነው፤ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ትራክ ይነዳል። ሦስተኛዋ እኔ ብዙነሽ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ሴት ሽማግሌ የት ታይቶ ያውቃል?" ያሉ ነበሩ። "ሹፌሯ እኔ ነኝ፤ የማይመቸው በእግሩ ይሂድ" አልኩና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ሥራዬ የተማሪ አውቶቡስ መንዳት ነው። በመጋቢት ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ እኔም አርፋለሁ፤ ያለኝ ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

ዓላማዬን አልደብቃችሁም። የሕንፃችንን ኃላፊ፣ እዚህ ሱፐር የሚሉትን፣ ለምኜ ከኔ ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ አንድ ቤት ሊለቅልኝ ተስማምቷል። ሜሮን እዚያ ትገባለች፣ ናትናኤል ከሥራ ሲመለስ በኔ በር ያልፋል፣ ልጅ ሲወልዱ እኔ አሳድጋለሁ። ከሦስት ፎቅ በላይ ላርቀው አላሰብኩም።

ከመሄዳችን በፊት የነበረው ሳምንት የምክር ሳምንት ነበር። ሊፍት ውስጥ ሳይቀር ይመክሩኛል። ክሊቭላንድ ሰው የለም፣ አትቁሙ። ኮሎምበስ ያለ ሐበሻ ሁሉ ትራክ ነጂ ነው። የዲሲ ሰው ገና ሳይጨብጥሽ የት እንደምትሠሪ ይጠይቅሻል። ፍሌሚንግደን የምትኖር አንዲት ወዳጄማ "ባቡር ውስጥ ሰው እንዳታዪ፤ ካየሽውም ፈገግ እንዳትዪ" ብላ መከረችኝ። "መቼ ነው የሄድሽው?" አልኳት። ሄዳ አታውቅም።

ቅዳሜ

ጋሽ ተፈራን በማለዳ ከቤታቸው አነሣኋቸው። ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን አጥፈው በፌስታል ይዘው በር ላይ ቆመዋል። "ጋሼ፣ ዛሬ እኮ መንገድ ብቻ ነው" ብላቸው፣ "ሽማግሌ ሽማግሌነቱ የሚጀምረው ከገዛ ቤቱ ሲወጣ ነው" አሉኝ።

ኒያጋራ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ስንደርስ የድንበሩ መኮንን ለምን እንደምንሄድ ጠየቀ። ጋሽ ተፈራ ሽማግሌ አይዋሽም ብለው ስላስጠነቀቁኝ እውነቱን ነገርኩት። ለልጄ ሚስት ልንጠይቅ ነው አልኩት።

"ልጁ ራሱ አይጠይቃትም?"

"ጠይቋታል፤ እሺ ብላዋለች። እኛ የምንጠይቀው አባቷን ነው።"

"ስንት ቀን ትቆያላችሁ?"

"እሺ እስኪሉን።"

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ወደ ጎን አስቁመውን ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። ሌላ መኮንን፣ ሴት ናት፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው አስነገረችኝ። ከሳምንት በኋላ ሰኞ ትምህርት ቤት እንደሚከፈትና አውቶቡሱን የሚነዳው ሌላ ሰው እንደሌለ ስነግራት ነው ፊቷ የተፈታው። ስትሸኘን "አባትየው እንቢ እንዳይሉ እጸልያለሁ" አለች።

ከድንበሩ ወዲያ ስድሳ አምስት የሚል ታፔላ አየሁና ስድሳ አምስት ነዳሁ። የኔ መኪና በኪሎ ሜትር ነው የሚቆጥረው፣ የነሱ ታፔላ በማይል። ትራኩም፣ የቤት መኪናውም፣ ጀልባ የሚጎትተውም ጡሩምባውን እያምባረቀ ያልፈኛል። ጋሽ ተፈራ "አሜሪካ ችኩል ነው ሲሉ እሰማ ነበር" ይላሉ። እኔም ዕድሜ ልኬን ሹፌር የሆንኩት ሴትዮ፣ እውነትም ችኩል ናቸው እያልኩ ስሳደብ ቆይቼ ነው የገባኝ። ለጋሽ ተፈራ አልነገርኳቸውም፤ ድንገት ፍጥነት ስጨምር የወንበራቸውን ቀበቶ አጠበቁ።

በዚህ ሁሉ መዘግየት ዘጠኝ ሰዓት ክሊቭላንድ ላይ ደረሰ። የሁዳዴ ጾም ነው፤ ቅዳሜ ነው ብላቸውም ጋሽ ተፈራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፣ ካለፈም ማቆየት አልፈለግኩም። አትቁሙ የተባለው ከተማ ውስጥ ቆምን። ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደማንበላ ለአስተናጋጇ አስረዳኋት። ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆንባችሁ ብላ ዘይቱን ለውጣ ድንች ጠበሰችልን። ቶሮንቶ ውስጥ ይህን ያደረገልኝ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ወዴት እንደምንሄድ ነገርናት። "ፒትስበርግ እንዳትገቡ" አለች።

"ምን አለ ፒትስበርግ?"

"የፒትስበርግ ሰዎች አሉ።"

እሷም ሄዳ አታውቅም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የነበረው ጠብ ነው፣ ተለቅ አለ እንጂ።

ሲመሽ ኮሎምበስ ገባን። ወርቁ በራፉ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ቤቱን አስጎበኘን። ምድር ቤቱን፣ ጋራዡን፣ ሣሩን፣ ማንም የማይተኛባቸውን መኝታ ክፍሎች። "በዚህ ዋጋ ቶሮንቶ ሽንት ቤት አይገዛም" ይላል በየበሩ። ልጆቹ ተበትነዋል፣ ሚስቱ ሥራ ላይ ናት። ሽሮ ሠርቶ፣ ጎመን ቀቅሎ ነበር፤ ጎመኑ ጨው በዝቶበታል፣ ግን ለብቻው የሠራው ስለሆነ በላነው። ትልቁን ክፍል እያሳየኝ "ናቲና ሚስቱ እዚህ ቢሆኑ ምን አለበት?" አለኝ። ቶሮንቶ ነው የሚኖሩት አልኩት። አኮረፈና አልጋዬን ሁለቴ አነጠፈው።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ሦስታችን ተነሣን። ወርቁ ከኋላ ተቀምጦ መንዳት ያስተምረኛል፤ ዝም ሲል ደግሞ ከተሞችን ይፈርዳል። "የዳላስ ሰው ቤቱን ያሳይሻል። የዲሲ ሰው የሚያውቀውን ባለሥልጣን ይጠራልሻል። የሲያትል ሰው ዝናቡን ይክድሻል።"

"ሚኒሶታስ?" አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ሳያስቡት ወሬው ጥሟቸው።

"እሱ እንደናንተው ነው፤ ብርዱን ጀግንነት ያደርገዋል።"

"የቶሮንቶ ሰውስ?" አልኩት በመስታወቱ እያየሁት።

"የቶሮንቶ ሰው ስለ ሬንት ሲያለቅስ ይውላል። ልቀቅና ና ስትይው ደግሞ ከተማዬን አትንካ ይላል።"

መልስ ስፈልግ ጭጋግ ውስጥ ገባን። የሜሪላንድ ተራራ ጭጋግ ጣርማ በርን ያስንቃል፤ ከፊቴ ያለውን መኪና መብራት ብቻ ነው የማየው። ያን ጊዜ ወርቁ ከተማ መፍረዱን ትቶ፣ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ "መስመርሽን ያዢ፣ ብሬክ አትርገጪ፣ አይዞሽ" እያለ አወጣኝ። በአፉ ክፉ ነው እንጂ ሰውየው ደህና ነው።

ያደርነው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የጋሽ ተፈራ የክርስትና ልጅ እታገኝ ቤት ነው። አልጋዋን ለእኔ፣ የልጇን ክፍል ለጋሼ ለቃ፣ ራሷ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፈች፤ ለወርቁ ሶፋው ደረሰው። የልጅቷ ቤተሰብ ሲልቨር ስፕሪንግ መሆኑን ስትሰማ ደነገጠች። "ሜሪላንድ? ወንዙን ከተሻገርኩ ቆየሁ። እዚያ ያሉት ሰዎች ሌላ ናቸው።" በማግስቱ ስንሄድ መኪናው ወንዙን ለመሻገር ከደቂቃዎች በላይ አልፈጀበትም።

ሰኞ

ለማታ ነው የተጠራነው። ቀኑን ጋሽ ተፈራ ንግግራቸውን ሲያጠኑ፣ እኔ ለወርቁ አፍህን ያዝ ስለው ዋልን።

የሜሮን አባት አቶ ግርማ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ሰናይት ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። ገባን፤ አልተቀመጥንም። ደንቡ ይህ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ "የመጣነው ለደግ ነው። ልጃችሁን ሜሮንን ለልጃችን ለናትናኤል እንድትሰጡን በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን" አሉ። እንዴት እንዳማረባቸው! ክራቫቱ ያን ጊዜ ገባኝ።

አቶ ግርማ ወንበራቸውን ተደግፈው፣ "ልጁን ወድጄዋለሁ። ከተማውን ነው ያልወደድኩት" አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ቶሮንቶ ሐኪም ለማየት ዓመት ይጠበቃል። በረዶው እስከ ሰኔ አይሟሟም። ሰው እንደ እርግብ ፎቅ ላይ ተደራርቦ ይኖራል፣ ደመወዙን ሁሉ ለኪራይ ይከፍላል። "እኔ ልጄን እዚያ አልሰድም።"

የኔ ደም ፈላ። አንድ ቀን ቶሮንቶን ረግጠው የማያውቁ ሰው! ግን ሽማግሌ አይቆጣም ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ወርቁ ግን አልቻለም። "ኮሎምበስስ ይሁን፤ ባዶ ክፍል አለኝ" ብሎ ዘው አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ወርቁ ሁለቱም ደርሶበታል። አቶ ግርማ "እናንተ ራሳችሁ አልተስማማችሁም" አሉና ከፋሲካ በኋላ እንድንመለስ ቀጠሩን። ሜሮን ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፤ ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

ማክሰኞ

ጋሽ ተፈራ ደስተኛ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያቀለለ ነው፣ ቀጠሮ ክብር ነው ይሉኛል። አያት ቅድመ አያቶቻችን ቀጠሮ ሲሰጣቸው ጎረቤት መንደር ነበሩ፤ እኔ የመጣሁት ሌላ አገር ተሻግሬ ነው። የሜሮን ፊትም አላማረኝም። እታገኝ የዋሽንግተንን ሐውልት እንድናይ ወሰደችን፤ ቆሟል፣ አየነው።

ከእግሩ ሥር ቆሜ ለናትናኤል ደወልኩለት። "አክስቴ፣ በቃ ተመለሱ። ኢትስ ኦኬ" አለኝ።

"ምኑ ነው ኦኬ? ልጅቷን አትወዳትም?"

ዝም አለ። ናትናኤል ከልጅነቱ ጀምሮ የሚደብቀው ነገር ሲኖር ዝም ነው የሚለው። ነገ ወደ አባቷ ቤት ተመልሼ እሄዳለሁ አልኩትና ዘጋሁ።

ረቡዕ

"ቀጠሮው ሳይደርስ የሚመለስ ሽማግሌ አላየሁም" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

"ሞኟ ልሁን ጋሼ፤ እርስዎ ብቻ ጋቢዎን ይልበሱ።"

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ሰናይት ናቸው። አልገረማቸውም። አቶ ግርማ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ ሲያዩን ለመነሣት ሞከሩ፣ ሜሮን ደገፈቻቸው። ወንዶቹ ሳሎን ውስጥ ቆሙ። እኔም ልቆም ስል፣ ወይዘሮ ሰናይት "እህቴ፣ እስቲ ነይ አግዢኝ" ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ኩሽና አስገቡኝ። ወንድ ብሆን ኖሮ ኩሽና ማን ያስገባኝ ነበር?

የሚታገዝ ነገር አልነበረም። ቧንቧውን ከፈቱ፣ ውሃው እንዲጮህ።

"ኩላሊቱ ነው" አሉኝ። "በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት አለው። እዚህ ከተማ ያለ ሰው አንድም አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልተናገረም፤ ግርማ ታመመ እንዲባል አይፈልግም። ጎህ ሳይቀድ የምታደርሰው ሜሮን ናት። እኔ አልነዳም። ቶሮንቶ ካገባች እሱ ሄዶ አያያትም፣ እሷም ትታው አታድርም። አባቷ ይህን ከሚናገር ከተማችሁን ቢሰድብ ይቀለዋል።"

"ናትናኤል ያውቃል?"

"መቼ ነው ያላወቀው? እኔ እመጣለሁ ብሏት ነበር። ከዚያ ደግሞ አክስቴን ብቻዋን ትቼ አልሄድም አለ። እሷ አባቷን፣ እሱ አንቺን። ሁለቱም በየቤታቸው ያለቅሳሉ።"

በመንገድ የሰማሁት ክርክር ሁሉ፣ የወርቁ ባዶ ክፍሎች፣ የአቶ ግርማ በረዶ፣ የኔ ሦስት ፎቅ፣ አንድ ነገር ነበር። ማንም ሰው "አትራቀኝ" ማለት ስለሚያፍር "የኔ ከተማ ይሻላል" ይላል። እኔም ስል ነበር። ቶሮንቶን እወዳታለሁ፣ ግን እንዲያ የተሟገትኩላት ለራሷ ብዬ አልነበረም።

እዚያው ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ። ረጅም አላለቀስኩም። ፊቴን በዚያው በተከፈተው ቧንቧ ታጥቤ ለናትናኤል ደወልኩ።

"ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ ዝም እንዳትለኝ። እኔ ባልኖር ኖሮ የት ነበር የምትኖረው?"

"አክስቴ..."

"የት?"

"እዚያ" አለ። "ግን አንቺን..."

"በኔ ፈንታ አትመልስ። ጥያቄው አልቋል።"

ሳሎን ስመለስ ጋሽ ተፈራ አሁንም ቆመዋል። ወርቁ በድብቅ ግድግዳውን ተደግፏል። እኔ ንግግር አላጠናሁም። ወይዘሮ ሰናይት የነገሩኝን በሰው ፊት ማውጣትም ነውር ነው። ስለዚህ ስለ ሕመም አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

"አቶ ግርማ" አልኩ፣ "ሰኞ ያሉት ልክ ነው፤ ብርዱም ኪራዩም። አስበንበታል። ልጅዎን ከቤትዎ አናወጣም። ልጃችንን ለእናንተ ልንሰጥ ነው የመጣነው። የመኖሪያ ወረቀቱ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል እንጂ እዚሁ ይኖራሉ። መኪና ይነዳል፤ በማለዳ መነሣት ለምዷል።"

ጋሽ ተፈራ ዘወር ብለው አዩኝ። በሽምግልና ታሪካቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ግን ሽማግሌ በሰው ፊት አይለያይም፣ "እንዳለችው ነው" አሉ። ወርቁ አፉን ከፈተ፤ አየሁት፤ ዘጋው።

አቶ ግርማ "በማለዳ መነሣት" ያልኩት ገብቷቸዋል። ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሹራባቸውን ወደ ታች ጎተት አድርገው፣ ቀስ ብለው፣

"እርስዎስ ወይዘሮ ብዙነሽ? ከዚያ ማን ይኖርዎታል?" አሉኝ።

በመንገዱ ሁሉ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

"እኔማ መንዳት እችላለሁ" አልኩ።

እሳቸውም እጃቸውን ወደ ወንበሮቹ ዘርግተው፣ "እንግዲያው ተቀመጡ" አሉ። ሦስታችንም ተቀመጥን። ሜሮን መጥታ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ቀና አድርጌ አቀፍኳት፤ ሹሩባዋ ፊቴን ነካኝ።

ሐሙስ

በማለዳ ተነሣን። ወርቁን ኮሎምበስ አድርሼ፣ ጎመኑን እንደገና በልቼለት፣ ጋሽ ተፈራን ይዤ ዓርብ ማታ ቶሮንቶ ገባሁ። ናትናኤል ሕንፃው በር ላይ ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሻንጣዬን ተሸክሞ ሊፍቱን ጠራ። ቅዳሜ ወደ ሱፐሩ ወርጄ ቤቱን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ነገርኩት፤ ወዲያው አንድ ቤተሰብ ገባበት።

መንገዱን አሁን አውቀዋለሁ። በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻዬን እነዳዋለሁ።